የቀይ ሥር ቀለም ምድጃ ውስጥ ለምን ይጠፋል? "ኢንዛይም" ተብሎ የሚሸጠው ዱቄትስ ይሠራል?

የሸዋ በሯ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ደሴ ሸዋ በር አካባቢ ትንሽ ኬክ ቤት አለኝ። ጥያቄዬ ስለ ቀለም ነው።

የልደት ኬክ የሚያዙ እናቶች ዘንድሮ ቀለሙን ሳይጠይቁ አያዙም። "ያ በጠብታ የሚገባው ነገር ለልጄ አይሆንም፣ ከአትክልት አድርጊልኝ" ይላሉ። አልፈርድባቸውም፣ እኔም ልጆች አሉኝ። ስለዚህ ቀይ ሥር እየፈጨሁ፣ በሻሽ እያጠለልኩ ሊጡ ውስጥ እጨምራለሁ። ሊጡን ብታዩት ልብ ይሰርቃል፣ ደማቅ ሮዝ ነው። ከምድጃ ሲወጣ ግን ላዩ ቡናማ፣ ሲቆረጥ ውስጡ ፈዝዞ ቢጫ ቢጫ የሚል ነገር ሆኖ ቁጭ ይላል። ክሬም ላይ ሳደርገው ደግሞ ምንም አይሆንም። ያው ቀይ ሥር፣ ያው እጅ።

በዚህ መሃል አንድ ዕቃ አቅራቢ ነጭ ዱቄት ይዞ መጣ። "ይሄ ኢንዛይም ነው። ተክሉ ውስጥ ቀለሙን የሚሠራው ኢንዛይም ስለሆነ፣ ከጭማቂው ጋር ብታሳድሪው ቀለሙን እጥፍ ያደርግልሻል" አለኝ። ዋጋው አይቀመስም። አፉ ግን ጥሩ ነው፣ ደግሞ ኢንዛይም ቀለም ይሠራል የሚለውን ሌላም ቦታ አንብቤዋለሁ። እውነት ነው? ተክሉ ቀለሙን እንዴት ነው የሚሠራው? እኔስ ማብዛት እችላለሁ ወይስ ብሬን ይዤ ልቀመጥ? የምታውቁ በሞቴ ረዘም አድርጋችሁ ጻፉልኝ፣ አነባለሁ።

ቦርከና ማዶ፦

እህቴ፣ ብርሽን ያዢ።

ኮምቦልቻ ነው ያለሁት፣ የተማርኩትም የምግብ ምሕንድስና ነው፣ ስለዚህ እንዳልሽው ረዘም ላድርገው። ሰውየው የነገረሽ ግማሹ እውነት ነው። ቀለሙን የሚሠሩት በእርግጥ ኢንዛይሞች ናቸው። የሚሠሩት ግን ተክሉ መሬት ውስጥ በሕይወት እያለ እንጂ አንቺ ጆግ ውስጥ ገብቶ አይደለም።

ኢንዛይም ፕሮቲን ነው። ሥራው አንዱን ሞለኪውል ይዞ ወደ ሌላ መለወጥ ነው፣ ያውም አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓይነት ለውጥ ብቻ ነው የሚችለው። ቀይ ሥር ውስጥ መነሻው ታይሮሲን የሚባል አሚኖ አሲድ ነው፣ እኛም ሰውነት ውስጥ አለ። ቀለም የለውም። አንድ ኢንዛይም (ሲዋይፒ76ኤዲ1 ይሉታል፣ ስሙን እርሺው) ታይሮሲኑ ላይ ኦክስጅን ይጨምርበትና ዶፓ ያደርገዋል። ዶፓም ቀለም የለውም። እዚህ ጋ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል። ከዶፓው የተወሰነውን ዶዳ የሚባል ሌላ ኢንዛይም ይይዘውና ቀለበቱን ሰብሮ ይከፍተዋል፣ ቤታላሚክ አሲድ ይሆናል፣ ይሄኛው ቢጫ ነው። የቀረውን ያው የመጀመሪያው ኢንዛይም ሳይክሎዶፓ ያደርገዋል። ከዚያ ሁለቱ ሲገናኙ ያለ ምንም ኢንዛይም በራሳቸው ይጣበቃሉ። ቀዩ ቀለም የሚወለደው እዚህ ነው። ሌላ ኢንዛይም ደግሞ ስኳር ይለጥፍበታል፤ ስኳር የተለጠፈበት ቀይ ቤታኒን ይባላል። እጅሽን የሚያቀልመው እሱ ነው።

ከዚህ ሁሉ አንዱ ቢጎድል ምን እንደሚሆን ማየት ከፈለግሽ ቢጫ የሆነ የቀይ ሥር ዝርያ አለ። በ2012 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው) የወጣ ጥናት እንዳሳየው የዚያ ዝርያ ችግር ያ የመጀመሪያው ኢንዛይም ጂን መበላሸቱ ነው። ዶፓውን ዘመድ የሆነ ሌላ ኢንዛይም ይሠራለታል፣ ሳይክሎዶፓ ግን ስለማይገኝ ቤታላሚክ አሲዱ ከሌሎች አሚኖ አሲዶች ጋር ይጣበቃል፣ ውጤቱ ቢጫ ነው። አንድ ኢንዛይም ጎደለ፣ ቀይ የለም።

አሁን ወደ ዱቄቱ። ያ ኢንዛይም ብቻውን ተንሳፍፎ የሚሠራ አይደለም። ሴሉ ውስጥ ባለ ስስ ሽፋን ላይ ተተክሎ ነው የሚኖረው፣ አጠገቡ ኤሌክትሮን የሚያቀብለው ሌላ ፕሮቲን ይፈልጋል፣ ታይሮሲኑም መምጣት አለበት። ቀይ ሥሩን ስትፈጪው ያ ሁሉ ይበታተናል። ከዚያ በኋላ ኢንዛይም መጨመር ድንኳኑ ፈርሶ፣ እሳቱ ጠፍቶ ወጥ ሠሪ እንደመቅጠር ነው።

ዱቄቱ የምር ኢንዛይም ከሆነ የምገምተው ፔክቲኔዝ ነው። ጁስ ፋብሪካዎች ይጠቀሙበታል። የአትክልቱን ሴሎች አጣብቆ የያዘውን ፔክቲን ይቆራርጥና ጭማቂው በደንብ እንዲወጣ ያደርጋል። ከአንድ ኪሎ ቀይ ሥር ትንሽ ተጨማሪ ጭማቂ ታገኚ ይሆናል፣ ግን የነበረውን ነው ያወጣሽው፣ አዲስ ቀለም አልተሠራም። ስሙን ጠይቂው። በስንት ዲግሪ እንደሚሠራም ጠይቂው። ካልመለሰልሽ በሰላም ሸኚው።

"አሳድሪው" ያለሽ ደግሞ ጭራሽ ጉዳት ነው። ቀይ ሥሩ ውስጥ ቀለም ሠሪ ብቻ ሳይሆን ቀለም አጥፊ ኢንዛይሞችም አሉ። ፐርኦክሲዴዝ፣ ፖሊፌኖል ኦክሲዴዝ፣ ስኳሩን ቆርጦ የሚጥል ቤታ ግሉኮሲዴዝ። ሴሉ ጤነኛ እያለ ከቀለሙ ጋር አይገናኙም። ስትፈጪው ሁሉም አንድ ላይ ይደባለቃል፣ አየርም ይገባበታል። ጥሬውን ጭማቂ ክፍሉ ውስጥ ካሳደርሽው ጠዋት የምታገኚው ያነሰ እንጂ የበዛ ቀለም አይደለም። መፍትሔው ቀላል ነው። ሳትልጪው፣ ሳትቆርጪው፣ ጭራውንም ሳትነኪ ቀቅይው። ሙቀቱ አጥፊዎቹን ኢንዛይሞች ያከሽፋቸዋል፣ ቀለሙም ልጣጩ ስለያዘው ወደ ውሃው አይሸሽም። ሲቀዘቅዝ ልጠሽ፣ በመፈቅፈቂያ ፈቅፍቀሽ ጭመቂው። ወዲያው ሎሚ ጠብ አድርጊበት፣ ፍሪጅ።

ምድጃው ውስጥ ስለሚሆነው ማታ እመለሳለሁ፣ ሥራ ላይ ነኝ።

ፒያሳ ጁስ፦

ወንድማችን ማሻአላህ አብራርቶታል። እኔ ከሥራዬ አንድ ነገር ልጨምር። ለቀይ ከርከዴ ሞክሪ። የደረቀውን አበባ በፈላ ውሃ ዘፍዝፈሽ፣ አጥልለሽ፣ በስኳር አወፍሪው። ለጄሊና ለሽሮፕ ከቀይ ሥር ይሻላል፣ ያ የአፈር አፈር የሚል ጣዕምም የለውም። ቤኪንግ ሶዳ እንዳይነካው ብቻ። አንድ ሠራተኛ የከርከዴ ብርጭቆ በሶዳ ሲያጥብ ዝቃጩ ሰማያዊ ወደ አረንጓዴ ሆኖ ጤፍ የሚያህል ነገር ሁሉ ሲንሳፈፍበት አይቻለሁ፣ ልጁ መርዝ መስሎት ደንግጦ ነበር።

የሸዋ በሯ፦

@ቦርከና ማዶ እግዜር ይስጥልኝ ወንድሜ። እጠብቃለሁ። እኔ እስከ ዛሬ ልጬ፣ ቆርጬ ነበር የምቀቅለው፣ ውሃውም ቀይ ሆኖ ይደፋ ነበር።

@ፒያሳ ጁስ ከርከዴ ውስጥ ያለው ቀይና ቀይ ሥር ውስጥ ያለው ቀይ አንድ አይደለም እንዴ?

ቦርከና ማዶ፦

አይደለም፣ ዘሩም ሌላ ነው። ከርከዴ፣ ቀይ ሽንኩርት፣ ወይን፣ ወይን ጠጅ መልክ ያለው ጥቅል ጎመን፣ የእነዚህ ቀለም አንቶሳያኒን ይባላል። የቀይ ሥሩ ዘር ቤታላይን ነው፣ ቅድም ያልኩሽ ቤታኒን ከእሱ አንዱ ነው። ቤታላይን የሚሠሩት አንድ የተክል ወገን ውስጥ ያሉት ናቸው፤ ቀይ ሥር፣ ሊሻሊሾ፣ በለስ፣ በየግቢው አጥር ላይ የሚንጠለጠለው ቡገንቪላ። የሚገርመው በተፈጥሮ ሁለቱን ቀለሞች አንድ ላይ የያዘ ተክል አልተገኘም። ወይ ይሄ ወይ ያ።

አንቶሳያኒን የሚነሳው ከሌላ አሚኖ አሲድ ነው፣ ፌኒልአላኒን ከሚባለው። ፓል የሚባል ኢንዛይም አሞኒያውን ይነጥቀዋል፣ ሌሎች ሁለት ያስተካክሉታል፣ ከዚያ ቻልኮን ሲንቴዝ የሚባል ዋና ኢንዛይም አለ። ከላይ የመጣውን አንድ ሞለኪውል ይቀበልና ማሎኒል ኮኤ ከሚባል ነገር በሦስት ዙር ካርቦን ይቀጥልበታል። የቀለሙ አጥንት የሚሠራው እሱ ጋ ነው። የቀሩት ኢንዛይሞች ይጠርቡታል፣ ኦክስጅን ይጨምሩበታል፣ መጨረሻ ላይ ስኳር ይለጥፉበታል።

ይሄን ቻልኮን ሲንቴዝ በተመለከተ የምወደው ታሪክ አለ። በ1990 የታተመ ነው። አሜሪካ ውስጥ ተመራማሪዎች የፔቱኒያን አበባ የባሰ ሐምራዊ ለማድረግ የዚህን ኢንዛይም ጂን ተጨማሪ ቅጂ ከተቱበት። አበባው ይጠቁራል ሲሉ ከፊሉ ጭራሽ ነጭ ሆኖ ወጣ። ተክሉ ተጨማሪውንም፣ የራሱንም ጂን ዝም አሰኘው። ኋላ ሕዋሳት ጂን እንዴት ዝም እንደሚያሰኙ ለማወቅ ከረዱት ነገሮች አንዱ ሆነ። ኢንዛይም በጨመሩ ቁጥር ቀለም ይጨምራል ለሚለው ነጋዴሽ ይሄን ንገሪው።

የአንቶሳያኒን ጠባዩ ከአሲድ ጋር ነው። ሎሚ ካለ ቀይ፣ ገለልተኛ ከሆነ ሐምራዊ፣ ሶዳ ከነካው ሰማያዊ፣ ሲብስ አረንጓዴና ቢጫ። የፒያሳው ወንድማችን ያየው መርዝ አይደለም። ከርከዴ በራሱ ኮምጣጣ ስለሆነ ቀይነቱን ራሱ ይጠብቃል፣ ለሽሮፕ የሚመቸውም ለዚህ ነው። ኬክ ሊጥ ውስጥ ከሶዳ ጋር ብታደርጊው ግን ግራጫ ኬክ ነው የምታወጪ፣ ማንም አይገዛሽም።

አሁን ወደ ቀይ ሥርሽና ምድጃው። ቤታኒን ሙቀት አይወድም። ሲሞቅ ቅድም የተጣበቁት ሁለቱ ይለያያሉ። አንደኛው ቤታላሚክ አሲድ ቢጫ ነው ብያለሁ አይደል? ኬኩን ስትቆርጪ የምታዪው ቢጫ እሱ ነው። ሌላኛው ከአየር ጋር ሲገናኝ ይቡናምናል። ላዩ ላይ ደግሞ የስኳሩና የዱቄቱ መጥበስ አለ። አሲዱ ከ3 እስከ 7 ባለው የፒኤች (የአሲድነት መለኪያ) ልክ ውስጥ ከሆነ ቀለሙ ደህና ነው፣ ከዚያ በላይ ሲሄድ ቶሎ ይሞታል። የአንቺ ሊጥ ውስጥ ሶዳ ካለ እሱ ነው ነገሩን የሚያባብሰው። ሶዳውን ትተሽ በቤኪንግ ፓውደር ሥሪ፣ ወተቱን በእርጎ ቀይሪው፣ ትልቁን ኬክ ትተሽ በትንንሹ ጋግሪው፣ ቶሎ ስለሚበስል ቀለሙም ያን ያህል አይጎዳም። ሮዝ ሊወጣልሽ ይችላል። ያ የሊጡ ድምቀት ግን አይጠበቅም፣ ይሄን ልንገርሽ እንጂ።

አንድ ደስ የሚል ነገር አለ። በሙቀት የተለያዩት ሁለቱ ሲቀዘቅዙ በከፊል መልሰው ይጣበቃሉ። የቀቀልሽው ጭማቂ ፈዞ ካየሽው አትድፊው፣ ሎሚ አድርገሽ ፍሪጅ ውስጥ ጥቂት ሰዓት አቆዪው፣ የተወሰነው ቀለም ይመለሳል። ያቃጠልሽው ግን አይመለስም።

የአራዳው፦

ሰላሙ አለይኩም ለምታምኑ፣ ሰላም ለሁላችሁ። ከርዕሱ ብዙም ሳልወጣ፣ የታሸገ እርጎና ከረሜላ ላይ ያለው ሮዝ ቀለም ከትል ነው ይባላል። ወላሂ እኔ አላመንኩም ነበር፣ አንድ ጓደኛዬ ምሎ ነገረኝ። እውነት ከሆነ እንዴት ነው የምንለየው? ለኛም፣ ለሚጾሙትም ቁም ነገር ነው።

ቦርከና ማዶ፦

ጓደኛህ ትክክል ነው፣ ግን ሁሉም ሮዝ አይደለም። ካርሚን የሚባለው ነው። በለስ ላይ ከምትኖር ኮቺኒል ከምትባል ትንሽ ነፍሳት ይወጣል፣ ሴቶቹ ደርቀው ተፈጭተው ነው። እሸጉ ላይ በላቲኗ ኢ ፊደል ቀጥሎ 120 ይጻፋል። ትግራይ ውስጥ የበለሱን ማሳ የፈጀችው ነፍሳት ይህችው ናት፣ ለቀለም ተብላ ገብታ ከቁጥጥር ወጣች። ቀለሙ ምድጃም፣ ብርሃንም አይበግረውም፣ ፋብሪካዎች የሚወዱት ለዚያ ነው።

የቀይ ሥሩ ኢ 162 ነው። የከርከዴና የወይን ዓይነቱ አንቶሳያኒን ኢ 163። የበርበሬ ቀለም ኢ 160 ሲ። የእርድ ኩርኩሚን ኢ 100። እሸጉን ገልብጠህ ቁጥሩን አንብብ። ሐላል ነው አይደለም፣ ይጾማል አይጾምም የሚለውን እኔ አልመልስም፣ ለኡስታዝህ ወይም ለንስሐ አባትህ ተወው።

የአራዳው፦

ጀዛከላህ ኸይር። ዛሬ ሱቅ ገብቼ እሸግ ስገለብጥ ባለሱቁ ሌባ ሊለኝ ነው።

ድልህ አቀናባሪዋ፦

ልጆቼ እንደምን ዋላችሁ። የልጅ ልጄ ናት የምትጽፍልኝ። ስለ ቀይ ስታወሩ በርበሬን ዘለላችሁት፣ ለምን? ሰኞ ገበያ ዛላ የሚሸጡ ሰዎች ይታዘቧችኋል።

እኔ የማውቀውን ልንገራችሁ። ዛላ ፀሐይ ላይ ከሚገባው በላይ የከረመ እንደሆን ይነጣል፣ ድልሁም ሐመር ይወጣል። አንዴ ከደረቀ ጥላ ውስጥ ነው የሚቀመጥ። በውሃ ብቻ የተቁላላ ወጥ ቀለሙን አይሰጥም፣ ዘይት ወይም ቂቤ ገብቶበት ሽንኩርቱ ላይ ሲንተከተክ ነው ቀዩ ከላይ የሚወጣ። ሳይንሱን እናንተ ንገሩኝ።

ደግሞ ምድጃውን አይፈራም። ዶሮው ግማሽ ቀን ሲንተከተክ ቀይነቱ ይብሳል እንጂ ይቀንሳል?

ቦርከና ማዶ፦

እናቴ እንደምን ዋሉ። ያሉት ሁሉ ልክ ነው፣ ሳይንሱም ያንኑ ነው የሚለው።

የበርበሬው ካሮቲኖይድ የሚባል ሦስተኛ ዘር ነው። በውሃ አይሟሟም፣ በቅባት ነው። ለዚህ ነው ቁሌት ላይ ዘይቱ ቀይ ሆኖ የሚንሳፈፈው። አረንጓዴው ቃሪያ ሲቀላ ሁለት ነገር ነው የሚሆነው፤ አንዳንዶቹ ኢንዛይሞች አረንጓዴውን ክሎሮፊል ያፈርሱታል፣ ሌሎቹ ካሮቲኖይድ ይሠራሉ። መጀመሪያ ፋይቶይን ሲንቴዝ የሚባለው ሁለት ሞለኪውሎችን አጋጥሞ ፋይቶይን ይሠራል፣ ቀለም የለውም። ሌሎቹ ሃይድሮጅን ይነጥቁታል፣ በነጠቁት ቁጥር ቀለሙ ይጨምራል፣ ቢጫ፣ ብርቱካናማ፣ ከዚያ ላይኮፒን፣ የቲማቲሙ ቀይ። ከዚያ ጫፍና ጫፉን ቀለበት የሚያደርጉ አሉ፣ የካሮቱ ካሮቲን እዚያ ይገኛል። በርበሬ ግን የራሱ የሆነ ተጨማሪ ኢንዛይም አለው፣ ካፕሳንቲን የሚባለውን ድንቅ ቀይ የሚሠራለት። ቃጠሎው ሌላ ነገር ነው፣ ካፕሳይሲን ነው፣ ቀለም የለውም። ለዚህ ነው ቀይ ሆኖ የማያቃጥል፣ አረንጓዴ ሆኖ የሚያነድ ቃሪያ ያለው።

የካሮቲኖይድ ጠላቱ ሙቀት ሳይሆን ብርሃንና አየር ነው። የነጣው ዛላ ሰለባው እሱ ነው። ሲፈጭ ደግሞ አየር የሚነካው ገጽ ስለሚበዛ የተፈጨ በርበሬ ከዛላው ቀድሞ ይደበዝዛል። የፋብሪካዎቹም የበርበሬ ቀለም ቅባት ውስጥ ነው የሚሸጠው።

@የሸዋ በሯ ለምድጃ የምትፈልጊው እንግዲህ እዚህ ዘር ውስጥ ነው ያለው። ካሮት ቀቅለሽ፣ ፈጭተሽ፣ ቂቤ ውስጥ አሙቀሽ ሊጡ ውስጥ ብትጨምሪ ብርቱካናማው ከምድጃ ይተርፋል። ቀይ ኬክ ከፈለግሽ ግን ካሮት አይሆንልሽም፣ በርበሬም ኬክ ላይ... ደንበኛሽን አላውቅም።

ድልህ አቀናባሪዋ፦

ሃሃ። በርበሬ ኬክ ላይ! እኔ ባልበላውም ሠርታ ታሳየኝ።

የሸዋ በሯ፦

እማ በሳቅ ገደሉኝ። 

ሌላ ጥያቄ። እርድስ? ለቢጫ እጠቀማለሁ፣ ደህና ነው። ግን የሠራተኛዋ ነጭ ሽርጥ ላይ ሲፈስ፣ በሳሙና ስታሸው ቀይ ሆነ። ቀለም ተጨምሮበት ነው ብዬ ያንን እርድ ልመልሰው ነበር።

ፒያሳ ጁስ፦

እኔም እናቴ አልጫ ስትሠራ አይቼዋለሁ። ስታጥበው ቀይ፣ አለቅልቃ ስታሰጣው መልሶ ቢጫ።

ቦርከና ማዶ፦

አትመልሺው። ቀይ መሆኑ ራሱ የእርዱ ኩርኩሚን መኖሩን ነው የሚናገረው። ሳሙና ቤዝ (የአሲድ ተቃራኒ) ነው፣ ኩርኩሚን ቤዝ ሲነካው ቀይ ይሆናል፣ ሲለቀለቅ ይመለሳል። ያንኑ ሽርጥ ፀሐይ ላይ አስጪው፣ ኩርኩሚን ብርሃን አይችልም፣ ቢጫውም ይለቃል። ለኬኩም ያው ነው፣ ሊጡ ውስጥ ሶዳ ከበዛ እርዱ ወደ ቀይ ቡናማ ያዘነብላል።

ኩርኩሚንም የሚጀምረው ከዚያው ከፌኒልአላኒን ነው፣ እንደ ከርከዴው። በ2009 እርድ ውስጥ ሁለት ኢንዛይሞች መለየታቸው ታትሟል፣ አንዱ ግማሹን ያዘጋጃል፣ ሌላው ሌላ ግማሽ አምጥቶ ይገጥመዋል። የሚገርመው ሁለቱም የቻልኮን ሲንቴዝ ዘመዶች ናቸው። ያው መነሻ፣ ዘመድ የሆነ ኢንዛይም፣ አንዱ ቤት ሐምራዊ፣ ሌላው ቤት ቢጫ።

እርድ ላይ መፍራት ያለብሽ ሌላ ነገር ነው። ባንግላዴሽ ውስጥ ቢጫው እንዲደምቅ ሊድ ክሮሜት የሚባል የቀለም ኬሚካል ሲቀላቀልበት ተገኝቷል፣ እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት አለበት። በዓይን አይለይም። ደረቁ ሥር ላይም ስለሚቀቡት፣ ምንጩን ከምታውቂው ሰው ግዢ፣ የእኛው የቴፒው አለልሽ።

የማያምነው፦

ወገኖች ይቅርታ ልበላችሁና፣ ይሄ ሁሉ ድካም ለምን? የጠብታው ቀለም ተፈቅዶ ነው የሚሸጠው። "የተፈጥሮ" ያላችሁት ሁሉ ጤና ከሆነ ሊድ የተቀላቀለበት እርድስ? ከትል የሚወጣውስ፣ ተፈጥሮ አይደለም? እናቶቹን ማስፈራራት ገበያ ሆኗል።

ቦርከና ማዶ፦

ከፊሉን እስማማለሁ። ተፈጥሮ ስለሆነ ብቻ ጤና ነው የሚል ሰው እዚህ የለም። ከፋብሪካ ቀለሞችም ሁሉም አንድ አይደሉም። ኤሪትሮሲን የሚባለውን ቀይ 3 የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት መሥሪያ ቤት በጥር 2025 ከምግብ እንዲወጣ ወስኗል፣ ወንድ አይጦች ላይ በከፍተኛ መጠን የታይሮይድ ዕጢ ካንሰር ስለታየ። ያው መሥሪያ ቤት ግን አይጦቹ ላይ የሆነበት መንገድ ሰው ላይ እንደማይሠራ ጨምሮ ተናግሯል፤ ሕጋቸው ግን እንስሳ ላይ ካንሰር ያመጣ ቀለም ምግብ ውስጥ አይግባ ስለሚል ነው። ስለዚህ ትናንት ኬክ የበላ ልጅ አለቀለት ማለት አይደለም። እናቶቹ ግን ገንዘቡ የእነሱ ነው፣ የፈለጉትን ማዘዝ መብታቸው ነው። እሷም መሸጥ አለባት።

የሸዋ በሯ፦

እሱን ነው ያልከው። እኔ ከደንበኛ ጋር ክርክር አልገጥምም።

የመጨረሻ ሁለት ጥያቄ። ወንድ ልጅ የሚወልዱ ሰማያዊ ይላሉ፣ ከየት አመጣለሁ? ሌላው፣ ቀይ ሥሩ ራሱ ይለያያል። አንዳንዱ ሲጨመቅ ደም ነው፣ አንዳንዱ ውሃ። ከማን ልግዛ?

ቦርከና ማዶ፦

ሰማያዊ ከባዱ ነው። ሐምራዊውን ጥቅል ጎመን ከትፈሽ በትንሽ ውሃ ቀቅለሽ፣ አጥልለሽ፣ በጣት ጫፍ ሶዳ እየነካሽ ቀስ ብለሽ ብትጨምሪበት ሰማያዊ ይሆናል። ጠብ እያደረግሽ እዪው፣ ካለፈ አረንጓዴ ነው። ክሬም ላይ ብቻ፣ ዕለቱን የሚበላ ከሆነ ብቻ፣ ምክንያቱም ሶዳ ላይ ብዙ አይቆይም። ሽታውም ጎመን ጎመን እንዳይል በጣም ትንሽ ነው የምትጨምሪው።

ለነጋዴሽ ደግሞ ፍርድ ልስጥ። የተዘጋጀ ጭማቂ ላይ ኢንዛይም ጨምሮ ቀለም መለወጥ የሚባል ነገር የለም አልልም። በ2021 የታተመ አንድ ሥራ ላይ ተመራማሪዎች ከዚሁ ጥቅል ጎመን ውስጥ ጥሩ ሰማያዊ የሚሰጠውን አንድ አንቶሳያኒን አገኙ፣ ግን መጠኑ ትንሽ ነው። ስለዚህ በኮምፒውተር ነድፈው ያበጁት ኢንዛይም ሌሎቹን አንቶሳያኒኖች ወደ እሱ እንዲለውጥ አደረጉ። ጋርዴኒያ ከሚባል ፍሬም በኢንዛይም ስኳሩን ቆርጠው ሰማያዊ ያወጣሉ። ይሄ ሁሉ ግን ለአንድ ለታወቀ ሞለኪውል የተመረጠ አንድ ኢንዛይም ነው፣ ለሁሉ የሚሆን ነጭ ዱቄት አይደለም።

ስለ ግዢው። ቀይ ሥር ቀዝቃዛ አየር ይወዳል። በሙቀት ያደገው ሲቆረጥ ውስጡ ነጭ ቀለበት ያሳያል፣ ቀለሙን በደንብ አልሠራም ማለት ነው። ስለዚህ የደሴ ዙሪያ ደጋው ከቆላው ይሻልሻል፣ እኛ ኮምቦልቻ ካለው ሙቀት እናንተ ጦሳ ሥር ያለው ብርድ ለዚህ ይጠቅማችኋል። ትልልቁን አትምረጪ፣ መካከለኛውን ያዢ። ገበያ ላይ ሻጭዋን አስፈቅደሽ አንዱን ለሁለት አስቆርጪ። ነጭ ቀለበቱ ከበዛ ሌላዋ ጋ ሂጂ። የብረት ድስትና የመዳብ ዕቃ ደግሞ አታስነኪው፣ ሁለቱም የቤታኒንን መጥፋት ያፋጥናሉ፣ በማይዝግ ድስት ቀቅይ። ክሬሙን ቀብተሽ ከጨረስሽ በኋላም ኬኩን መስታወት ሳጥኑ ውስጥ ከመብራቱ ሥር አትተይው፣ ብርሃንም ይጨርሰዋል።

የሸዋ በሯ፦

የመስታወቱን መብራት አሁኑኑ አጠፋሁት። ለሰኞ ገበያ ቢላዋ ይዤ ልሄድ ነው።

ድልህ አቀናባሪዋ፦

ቢላዋውን በዘንቢል ሸፍኚው ልጄ፣ ሰው ይደነግጣል።